የሐሙስ ዳዊት

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ፣ ለእህቴ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ትልቁ አሁን ቁመቱ ካንቺ ሳይበልጥ አይቀርም።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። መደወል ይቀል ነበር። ግን ድምፅሽን ስሰማ ማልቀስ እንጂ ማውራት እንደማልችል አውቀዋለሁ። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

ከጠፋሁብሽ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። አንቺ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልሽ ስትጨነቂ እንደኖርሽ ሰምቻለሁ። ምንም አላጠፋሽም። የጠፋሁት በአንድ ቁጥር ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ከሥራ የታገድኩ ዕለት ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋጋ፣ 11 ሰዓት ገደማ፣ «ሌባ ተባልኩ» ብዬ ጻፍኩልሽ። ሌላ ምንም አላልኩም። እናንተ ጋ ገና ምሽት ነበር፤ ወደ ሌሊት ሥራሽ ልትወጪ ስትይ ነው የደረሰሽ። ወዲያው መለስሽልኝ። «አይዞሽ የኔ እህት። መዝሙር 91ን አንብቢ። ከሥራ ስወጣ እደውልልሻለሁ።»

አባዬ ኪዳን ሊያደርስ ወጥቶ ነበር። ከመደርደሪያው ላይ ግዕዝና አማርኛ ያለውን ዳዊቱን አወረድኩና 91ን ገለጥኩ። የመጀመሪያው መስመር ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? «እግዚአብሔርን ማመስገን መልካም ነው።»

መጽሐፉን ከደንኩት። በዚያች ቀን፣ ስሜ በጠፋበት ቀን፣ አመስግኚ ትለኛለች አልኩ። አሜሪካ ተቀምጣ ይቀላታል አልኩ። ክፉ ነገር አስቤብሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ከሥራ ወጥተሽ ስትደውዪ ስልኩን አየሁት፣ ጮኾ እስኪያበቃ ጠበቅኩ። ማታም ደወልሽ። በማግስቱም። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየከበደኝ ሄደ። አንድ ሳምንት ዝም ያልሽውን ሰው በሁለተኛው ሳምንት ማናገር ይከብዳል። በስድስተኛው ወርማ ምን ብለሽ ትጀምሪያለሽ?

ክሱ ይህ ነበር። ከማስተዳድረው ሒሳብ 186,400 ብር ጎደለ ተባለ። ዴፖዚት ስሊፑ አለ፣ ብሩ ግን በባንኩ ስቴትመንት ላይ የለም። ስሊፑ ላይ የኔ ፊርማ አለ። አለቃዬ እኔን ጠርቶ እንኳ አልጠየቀኝም፤ የእግድ ደብዳቤውን በጥበቃው በኩል ነው የሰጠኝ። ጥበቃው ሲሰጠኝ ዓይኔን ማየት አቃተው። ከኋላዬ ሰው ቆሞ ዕቃዬን ስሰበስብ የሻይ ኩባያዬን ረስቼው ወጣሁ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ኩባያ አስባለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት እናት ነገሬን ሰምታ መጣች። «ለጠላት 108ን ነው፤ ማንንም አትመኚ፣ እሱን ድገሚ» አለችኝ። ደገምኩ። እንዴት እንደደገምኩ ልንገርሽ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? የአለቃዬን ፊት ከፊቴ አድርጌ ነበር የምደግመው። «ዘመኖቹም ጥቂት ይሁኑ፤ ሹመቱንም ሌላ ይውሰድ» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እመላልሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላነብም። መዝሙሩ 31 ቁጥር አለው፤ እኔ ግን ስምንተኛው ላይ አቆማለሁ። ለሦስት ወር ጸለይኩ ስል የኖርኩት እንደዚህ ነው።

በሦስተኛው ወር የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። አምስት ሰዎች ከጠረጴዛው ማዶ፣ እኔ ከወዲህ። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ አብሮኝ ሊቀመጥ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ወንበሩም በቀኜ ተዘጋጅቶለታል። አልመጣም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥያቄ ሲወርድብኝ ያ ባዶ ወንበር አጠገቤ ነበር። ቦርሳዬን እንኳ ላስቀምጥበት አልደፈርኩም። አባዬ ውጭ ጥበቃው አግዳሚ ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ስወጣ ምንም አልጠየቀኝም። «ምሳ እንብላ» ብቻ አለኝ።

አሁን ለመጻፍ ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ስለ እናትሽ፣ ስለ እማማ።

እማማ ያረፈች ዕለት እዚያ ነበርኩ። ይህን ማንም እንዳልነገረሽ አውቃለሁ፤ አደራ ብዬ ነው ዝም ያሰኘኋቸው። ወረቀትሽ ስላላለቀ መምጣት እንዳልቻልሽ ሰማሁ። ድንኳኑ ሲተከል አግዣለሁ። ንፍሮ ቀቅያለሁ። ሠልስቷ እስኪወጣ ከቤታችሁ አልተለየሁም፣ ግን አንድ ጊዜ እንኳ «አይዞሽ» ብዬ አልደወልኩልሽም። ከበደልኩሽ ሁሉ ይኸኛው ይበልጣል።

አስከሬኗ ቤት ባደረበት ሌሊት ዳዊት ተደገመላት። ካህናቱ ተከፋፍለው ይደግማሉ፣ ጧፉ በየተራ ይለኮሳል። እኛ ሴቶቹ በዚያኛው ክፍል ነን። በሩ ክፍት ስለሆነ ድምፁ ይሰማል። ግዕዝ ስለሆነ አይገባኝም፤ እንዲሁ አዳምጣለሁ። አንደኛው ቄስ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» ብለው ሲጀምሩ አክስትሽ ድንገት ወገቧን ይዛ ተነሣች። «የሷ! የሷ ናት!» እያለች አለቀሰች። ከዚያ እያነባች በአማርኛ ትከተላቸው ጀመር። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር፣ ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል...»

ያኔ ትዝ አለኝ። ማትሪክ ልንፈተን የወጣንበት ጠዋት ትዝ ይልሻል? በሩ ላይ አቁማን ነጠላዋን በሁለታችን ራስ ላይ ጣለችው። ውስጡ ጨለማ ነበር፤ ቅቤና ዕጣን ይሸታል። አንቺ ልትስቂ ስትይ ክንዴን ቆንጥጠሽ ያዝሽኝ። እሷ ከላይ ሆና በቃሏ ትላለች፤ «በላባዎቹ ይጋርድሃል፣ በክንፎቹም በታች ትተማመናለህ።» ይህንኑ ነበር። ቁጥሩን ግን ነግራን አታውቅም። እሷ ቁጥር ምን ያደርግላታል?

ጠዋት አባዬን ስንተኛው መዝሙር እንደሆነ ጠየቅኩት። «90» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «በስልክ በሚነበበው መጽሐፍ ቅዱስ 91 የሚሉት ነው» አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ጉልበቴ ከዳኝ።

ለካ ሌላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእኛ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን፣ የጥንቱን የግሪክ ትርጉም፣ አቆጣጠር ነው የሚከተለው። በዕብራይስጡ ዘጠነኛውና አሥረኛው ሁለት መዝሙሮች ናቸው፣ በእኛ አንድ ነው። ከዚያ ጀምሮ መጨረሻው አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ብዙው በአንድ ቁጥር ይበላለጣል። የዕብራይስጡ 23 በእኛ 22 ነው። የነሱ 91 የኛ 90። አንቺ የእናትሽን መዝሙር ነበር የላክሽልኝ። ነጠላዋን ነው ከዚያ ድረስ የላክሽልኝ። እኔ ደግሞ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ገልጬ ተቀየምኩሽ።

ያኔ ልደውልልሽ ይገባ ነበር። ሐፍረቱ አሰረኝ። አርባዋ አለፈ፣ ሙት ዓመቷም አለፈ።

ከለቅሶው በኋላ ነው ከአባዬ ጋር ዳዊት መድገም የጀመርኩት። እሱ እንደ ሥርዓቱ በየቀኑ የተመደበውን ይደግማል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ አርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150። እሱ በግዕዙ፣ እኔ በአማርኛው። ዳዊቱ ከአያቴ የወረሰው ነው። የገጾቹ ጥግ በጣት ብዛት ጠቁሯል፣ የ90 ገጽ ላይ ደግሞ ሰም ጠብ ብሎ ደርቋል። ያን ሰም በጥፍሬ ልፍቀው ስል እጄን ያዘኝ። «እዚህ ጋ ብዙ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ ተዪው» አለኝ።

ሐሙስ የኔ ቀን ሆነ። ለምን መሰለሽ? 87 ያለው ሐሙስ ነው። የቆሬ ልጆች መዝሙር። 150ውን ብታገላብጪ እንደሱ የጨለመ የለም። እያለቀሱ ከሚጀምሩት አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ቀና ይላሉ። እሱ ቀና አይልም። «ነፍሴ መከራን ጠግባለች» ይላል። በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃል «ጨለማ» ነው፤ እዚያው ላይ ያልቃል። ሲያልቅ ደግሞ ወዳጄንና ባልንጀራዬን ከእኔ አራቅህ ብሎ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ድምፄ ይሰበራል። እሱ እግዚአብሔርን ነው የሚወቅሰው፤ አንቺን ያራቅኩሽ ግን እኔው ራሴ ነኝ።

ይህ መዝሙር ዳዊት ውስጥ መኖሩ ራሱ አሳረፈኝ። አየሽ፣ እኔ ማመን ማለት አለማልቀስ ይመስለኝ ነበር። ስከሰስ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ፈገግ ማለት ያለብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሳልችል ስቀር እምነት የለኝም አልኩ። ይህ ሰውዬ ግን መጨረሻው ላይ አንዲት የተስፋ መስመር ሳይጨምር እግዚአብሔር ፊት ጮኾ ሄደ፤ ቤተ ክርስቲያንም መዝሙሩን ይዛ በየሳምንቱ ታደርሰዋለች። አላረመችውም። ከሱ ሦስት መዝሙር አለፍ ስትዪ ደግሞ የእማማ መዝሙር አለ። በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ጧፍ።

90ን ሳነብ ግን በጣም ያስቸገረኝ ነገር ነበር። «በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ፤ ወደ አንተ ግን አይቀርብም» ይላል። የወደቁትስ? እነሱ አልጸለዩም ነበር? በእነዚህ ዓመታት በአገራችን ስንቱ ይህንን መዝሙር እየደገመ ወደቀ። እኔንስ ቀረበኝ አይደል እንዴ? አንድ ሐሙስ ይህንኑ ለአባዬ አፍ አውጥቼ ተናገርኩ። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። «ይህን መዝሙር ወንጌል ላይ ማን እንደጠቀሰው ታውቂያለሽ?» አለኝ። ሰይጣን ነው። ጌታን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ «ራስህን ወርውር፤ መላእክቱን ስለ አንተ ያዝዝልሃል ተብሎ ተጽፏልና» ያለው ከዚሁ ወስዶ ነው። ጌታም «አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። «ልብ በይ፣ ጠቅሶ የት ላይ እንዳቆመ» አለኝ አባዬ። ቀጥሎ ያለው «በእባብ ላይ ትጫማለህ፣ ዘንዶውን ትረግጣለህ» የሚለው ነው። እሱ ጋ ሲደርስ ተወው።

ቀጥዬ መጨረሻውን አነበብኩ። እስከዚያ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። መጨረሻው ላይ የሚናገረው ይለወጣል፤ እግዚአብሔር ራሱ ይናገራል። «ይጠራኛል እመልስለትማለሁ፤ በመከራውም ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ» ይላል። በመከራው ጊዜ! እንግዲህ መከራ መምጣቱን መዝሙሩ ራሱ ያውቃል ማለት ነው። አስቢው፣ አንድም ነገር አይነካህም ካለ በኋላ ነው ይህን የሚለው። የወደቁትን ለምን እንደወደቁ አሁንም አልገባኝም። ገብቶኛል ብልሽ እዋሽሻለሁ። ግን ያ የኮሚቴ ክፍል ትዝ ሲለኝ ከእንግዲህ ብቻዬን አይደለሁም።

እሱን የበለጠ ያሳየኝ ደግሞ 108 ነው። እሱም የሐሙስ ነው። ስሜን ባጠፉት ላይ የተኮስኩበት መዝሙር። በዚህኛው ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ስድስተኛው ቁጥር ላይ «ሰይጣንም በቀኙ ይቁም» ይላል። ሰይጣን የሚለው ቃል በዕብራይስጥ ከሳሽ ማለት ነው፤ በፍርድ ቦታ ከሳሽ በቀኝ ይቆም ነበር። ከዚያ መዝሙሩ ያለቅሳል፣ ይራገማል፣ ጉልበቴ ከጾም የተነሣ ደከመ ይላል። የመጨረሻዋ ቁጥር ላይ፣ እኔ ደርሼባት በማላውቀው 31ኛዋ ላይ፣ ስለ እግዚአብሔር እንዲህ ይላል፦ «በድሀ ቀኝ ቆሞአልና።» በዚያው በከሳሹ ቦታ፣ በቀኝ በኩል!

አንብቤ ዝም አልኩ። አባዬ ግዕዙን ጨርሶ ወደሚቀጥለው አልፏል። እኔ ግን ስለዚያ ወንበር እያሰብኩ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አለቃዬን መራገም አልቻልኩም። ደግ ሆኜ አይደለም። ጉዳዩን ላስረከብኩት አስረክቤያለሁ፣ ደግሜ ልውሰደው ማለት ሆነብኝ። ጥብቅና የያዘልሽ ሰው ካለ አንቺ ችሎት ላይ እየተነሣሽ አትጮኺም አይደል?

መቼም የአባዬን ነገር ታውቂያለሽ፣ ወሬ ከጀመረ ወደ ደብረ ዳሞ ነው የሚወስደው። ወጣት ሳለ ወጥቶበታል። 17ኛው መዝሙር ላይ «እግዚአብሔር ዓለቴ፥ አምባዬ» የሚለውን ሲያደርስ ሁልጊዜ ይቆማል። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ በገደልና በዋሻ የኖረ ሰው ነው፤ አምባ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። እኛም የአምባ አገር ሰዎች ስለሆንን ቃሉ ቤቱ ነው። ደብረ ዳሞ በገመድ ካልሆነ አይወጣም። አሥራ አምስት ሜትር የሚሆን ገደል ነው። አንዱን የቆዳ ገመድ ወገብሽ ላይ ታስሪያለሽ፣ ሌላውን በእጅሽ ይዘሽ እግርሽን ዓለቱ ላይ እየረገጥሽ ትወጪያለሽ። ሴት ስለማይወጣበት እኔና አንቺ አናየውም፤ እሱ የነገረኝን ነው የምነግርሽ። «መሐል ላይ እግሬ ከዳኝ» ይላል። «ወደ ላይ ባይ ሰማይ ነው፣ ገመዱን የያዘው መነኩሴ አይታየኝም። ግን ወገቤ ላይ ሲጠብቅ ይሰማኛል።» አቡነ አረጋዊን መልአክ እየጠበቃቸው ዘንዶ ነው ያወጣቸው ሲባልማ እንደ ልጅ ነው የሚደሰተው።

የክሱን መጨረሻ ልንገርሽ። በ14ኛው ወር ከውጭ የመጣ ኦዲተር አገኘው። ብሩ ገብቷል። ባንኩ ላይ የሌላ ቅርንጫፋችን ሒሳብ ቁጥር ውስጥ ነው የገባው፤ አንድ አኃዝ ተሳስቶ። በአንድ ቁጥር! ይህን ሲነግሩኝ አንቺን አሰብኩሽ። «ከክሱ ነፃ ነዎት» የሚል ባለ አራት መስመር ደብዳቤ ሰጡኝ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም። ቦታዬ በሌላ ሰው ስለተያዘ አልተመለስኩም። አሁን በደመወዝ ያነሰ ሥራ ይዣለሁ፣ ሰዎቹ ግን ጥሩ ናቸው። አለቃዬ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው፤ ሹመቱን ማንም አልወሰደበትም። ባለፈው ጥምቀት ታቦት ስንሸኝ ከሩቅ አየሁት፣ ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ነበር። ልቤ መታ። ግን የዱሮው ቁጣ አልመጣም።

አርብ ቀን 120 ላይ ስደርስ አንቺን ነው የማስበው። «የሚጠብቅህም አይተኛም» የሚለው ጋ። ስምንት ቁጥር ናት መዝሙሯ፣ በዕብራይስጡ «መጠበቅ» የሚለው ቃል ስድስት ጊዜ ይመላለስባታል። ያኔ በስልክ የነገርሽኝ ትዝ ይለኛል። ሌሊት የምትጠብቂያቸው አሮጊት ነቅተው «አለሽ?» ሲሉሽ፣ «አለሁ» ስትያቸው ተመልሰው የሚተኙት። አሁንም አሉ? እዚያው ነው የምትሠሪው?

ስለ እማማ የመጨረሻ ቀናት የሰማሁትን ሁሉ እነግርሻለሁ፣ ይህ ወረቀት አይበቃም። ለአሁን ይህን ብቻ ያዢ። አክስትሽ እንደነገረችኝ ሕመም አላሠቃያትም። ማክሰኞ ማታ ስምሽን ጠርታ «በልታ ይሆን?» ብላለች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው ያረፈችው። ያቺ ነጠላዋ እኔ ጋ ናት፤ አክስትሽ «ለሷ እስክትደርስ አንቺ አስቀምጪ» ብላ ሰጠችኝ። አላጠብኳትም። ሽታዋ አሁንም አለ። ሰው ሲመጣ እልክልሻለሁ፤ ወይም አንቺ ስትመጪ ከእጄ ትወስጃለሽ።

ብትቀየሚኝ ልክ ነሽ። መልስ ባትሰጪኝም እረዳሻለሁ። ግን ሐሙስ ንጋት ላይ እኛ ዳዊት ስንጀምር ባንቺ ዘንድ ገና ረቡዕ ምሽት ነው፣ ልክ ወደ ሥራ የምትወጪበት ሰዓት። ስልኬን አጠገቤ አስቀምጣለሁ። ከጮኸ አነሣዋለሁ፣ አባዬም ይፈቅድልኛል።

መዝሙር ስትልኪልኝ ደግሞ እባክሽ ቁጥሩን ብቻ አትላኪልኝ። የመጀመሪያዋን መስመር ጻፊልኝ።

ያንቺው እህትሽ
አዲስ አበባ